ታሞክሲፈን ማሕፀን አይበላም፤ ደም ግን ዝም አይባልም

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ያለ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የጡት ካንሰር ታክመው ለዓመታት የሆርሞን ኪኒን እንዲወስዱ ስለታዘዘላቸው ሴቶች ነው የሚያወራው። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። ሳነበው አንድ ሁለት ቦታ ላይ ልክ ናቸው ብያለሁ። ሌላው ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ፋርማሲ ቆሜ የምሠራ ሴት ነኝ። ጽሑፉን ያነበቡ ሴቶች ያልተከፈተ ፓኮ ይዘው መጥተው «ትመልሱልኛላችሁ?» እያሉን ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ እነሆ። ከእነዚህ ኪኒኖች አንዱ የሆነው ታሞክሲፈን ማሕፀን ይበላል፣ የወሰደች ሁሉ የማሕፀን ካንሰር ይይዛታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል ይላል። ኪኒኑን እየወሰደች የወር አበባዋ የቀረ ሴት አርጣለችና የእርግዝና መከላከያ አያስፈልጋትም ይላል። የብልት ፈሳሽ ከበዛ ኢንፌክሽን ነው፤ የብልት ድርቀት ከመጣ ወይባ ጢስ መሞቅ ነው፤ በየሦስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት ግዴታ ነው፤ አቅም ያላት ሌትሮዞል ወደሚባለው ሌላ የሆርሞን ኪኒን ትቀይር፤ በጾም ወቅት ኪኒኑ ይቋረጥ ይላል። መጨረሻ ላይ ሐኪሞች ይህን ሁሉ እያወቁ ይደብቃሉ ብሎ ይዘጋል። በተራ እንሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ላይ ልቆይ ነው፤ የፍርሃቱ ሁሉ ምንጭ እሱ ስለሆነ። ጸሐፊው ከባዶ አላመጡትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1996 ታሞክሲፈንን የማሕፀን ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች ተራ አስገብቶታል። እውነት ነው። ያው ተቋም በዚያው ውሳኔው ግን ኪኒኑ በሌላኛው ጡት ላይ አዲስ ካንሰር የመውጣቱን ዕድል እንደሚቀንስ ጽፏል። ድርጅቱም ዛሬ ድረስ ታሞክሲፈንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ይዞታል። ጸሐፊው ገጹን እስከ ታች ቢያነቡት ኖሮ ይህንንም ያገኙት ነበር።

ማሕፀኑ ላይ የሚሆነው ነገር ምንድን ነው? ብዙው የጡት ካንሰር ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን እየታገዘ ነው የሚያድገው። እዚህ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎቻችን እንዲህ ዓይነት ካንሰር እንዳለባቸው ያሳያሉ። ሆርሞኑ ሥራ የሚጀምረው ሴሉ ላይ ካለው መቀበያ ጋር ሲገናኝ ነው። ታሞክሲፈን ቀድሞ ገብቶ ወንበር እንደሚይዝ ሰው ነው። ጡት ላይ ወንበሩን ይይዝና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ኢስትሮጅን ቆሞ ይቀራል። ማሕፀን ላይ ግን ወንበሩን ከያዘ በኋላ የባለቤቱን ሥራ በከፊል ይሠራል። ስለዚህ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ሊወፍር፣ ፖሊፕ የሚባል ትርፍ ሥጋ ሊያወጣ ይችላል። ማዮማ የሚባለው የማሕፀን እጢ ያለባት ሴት ማዮማዋ ሊያድግ ይችላል። ከጥቂቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ካንሰር ይሄዳል።

ስንቶቹ ላይ? ከጽሑፉ የጠፋው ይህ ጥያቄ ነው። በ1998 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ13,000 በላይ ሴቶችን ይዞ ነበር። ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑት ላይ የማሕፀን ካንሰር ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይ ግን ጨምሯል። መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው ከ1,000 ሴቶች በዓመት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ታሞክሲፈን ከወሰዱት ከ1,000 ሴቶች ሦስት ያህል ሆኑ። ጭማሪው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ይህን አላሳንሰውም። ግን ከሺዎቹ 997ቱን የት ጥለዋቸው ነው «የወሰደች ሁሉ» የሚሉት?

አትላስ የሚባለው ጥናት ደግሞ በ2012 ወጣ። 5 ዓመት ወስደው ያቆሙትን እስከ 10 ዓመት ከቀጠሉት ጋር አስተያየ። ከ5ኛው እስከ 14ኛው ዓመት ባለው ጊዜ የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ለቀጠሉት 3.1 በመቶ፣ ላቆሙት 1.6 በመቶ ነበር። በዚያ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 0.4 በመቶ እና 0.2 በመቶ። አሁን ሌላውን ሚዛን እዩት። ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ ከሆነው መካከል በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ለቀጠሉት 12.2 በመቶ፣ ላቆሙት 15 በመቶ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ጥቅም ከዚህም ይበልጣል። ኪኒኑን 5 ዓመት በደንብ የወሰዱ ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ፓኮውን የምትመልስልኝ ሴት የምትመልሰው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጡት ክፍል የሚቀመጡትን የኛን ሴቶች እዩ። ብዙዎቹ ወጣት ናቸው፤ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ገና ልጅ የሚያሳድጉ። ጽሑፉ የያዘው ፍርሃት የሚመለከተው ባብዛኛው እናቶቻቸውን ነው። የአርባ ዓመቷ ሴት የስድሳ ዓመቷን ሴት ፍርሃት ተሸክማ ኪኒኗን ታቆማለች። የስድሳ ዓመቷ ደግሞ ጽሑፉን አላነበበችም።

ማሕፀንን ቀድሞ ማስወጣት ነው የሚሻለው የሚል አንድ ዐረፍተ ነገርም ጣል ተደርጓል። ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ታሞክሲፈን ልትወስድ ነው ተብሎ ብቻ ጤነኛ ማሕፀን አይወጣም።

በዚህ ሁሉ ማስፈራሪያ መሃል ግን አንዲት ሴት ማወቅ ያለባት ዋናው ነገር አልተጻፈም። ምኑን ልጠብቅ? ደምን ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት ያለፋት ሴት ታሞክሲፈን እየወሰደች ደም ካየች፣ ትንሽም ቢሆን፣ ነጠብጣብም ቢሆን፣ ፈሳሹ ሮዝ ወይም ቡናማ መልክ ቢይዝም ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እነግራለሁ ብላ ሦስት ወር አትጠብቅ። አብዛኛው ምክንያት ፖሊፕ ወይም የሳሳ ሽፋን ሆኖ ይገኛል። ካንሰር ከሆነም ደሙ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስለሚመጣ ገና ከማሕፀን ሳይወጣ የመገኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። ገና ያላረጠችዋ ደግሞ በወር አበባ መሃል ደም ካየች፣ ወይም የወር አበባዋ ከለመደችው እጅግ ከበዛ ትናገር። መዛባት፣ መዘግየት፣ መቅረት ግን ከኪኒኑ ጋር የተለመደ ነው።

የደም ነገር እኛ ከተማ ውስጥ የሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነጠብጣብ ያላት ሙስሊም ሴት በየወቅቱ የምትጠይቀው «ልስገድ ወይስ ልተው» ብላ ነው። ክርስቲያኗ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ትመለሳለች። ከወር አበባና ከወሊድ ውጭ ያለ ደም ኢስቲሃዳ ይባላል፣ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች ተብላ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። ዝርዝሩን ለሚያውቁት ልተወው። ግን ያቺ ሴት መልስ አገኘሁ ብላ ልቧ አረፈ፤ ደሙን ለማንም ሐኪም ሳትናገር ቆየች። ለሶላቷ ነበር መልስ ያገኘችው። ደሙ ከየት እንደሚመጣ ያያት ሰው አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። የወር አበባዋ ቀረ፣ ስለዚህ አርጣለች፣ መከላከያ ይቅር የሚለው ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ነው። የማሕፀኑ ማስፈራሪያ ቢያንስ ቁራጭ እውነት አለበት። ይህ ግን ቤት የሚያፈርስ ስሕተት ነው።

ታሞክሲፈን መከላከያ አይደለም። እንዲያውም ልጅ እምቢ ላላቸው ሴቶች እንቁላል እንዲወጣ ከሚሰጠው ክሎሚፊን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የወር አበባዋ ለወራት ያልመጣች ወጣት ሴት ውስጧ እንቁላል ሊለቅ ይችላል። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስዳ የቀረባትም ቢሆን ከዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ካረገዘች ደግሞ ኪኒኑ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑን እየወሰደች ያለች፣ ገና ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት መከላከያ ያስፈልጋታል። ካቆመችም በኋላ ለተወሰኑ ወራት።

የትኛው መከላከያ? አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደው የሦስት ወር መርፌ ነው። ቀጥሎ ክንድ ላይ የሚቀበረው። ሁለቱም ሆርሞን ናቸው፤ የጡት ካንሰር ላለባት ሴት አይሰጡም። የሚዋጠውም እንደዚያው። የሚሆናት ሆርሞን የሌለበት ባለ መዳብ ሉፕ ነው፤ ወይም ኮንዶም። ልጅ በቃን ካሉ ማስቋጠርም አለ። ወደ ጤና ጣቢያ ለቤተሰብ ምጣኔ የምትሄድ ሴት የጡት ካንሰር መድኃኒት እንደምትወስድ ካልተናገረች መርፌውን ወግተው ይሸኟታል፤ የሚያውቁት ነገር የለማ። ካርዷን ይዛ ትሂድ።

«እና ልጅ አልወልድም ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጽሑፉ አላነሳውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምሰማው እሱን ነው። አንድ ልጅ ይዛ ወይም ገና ሳትወልድ የታመመች የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ስለ ማሕፀን ካንሰር አይደለም የምታለቅሰው። በ2023 የወጣ ጥናት ጥሩ ዜና አለው። 42 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ፣ ከ18 እስከ 30 ወር ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ለመውለድ ብለው እስከ 2 ዓመት አቋረጡ። ክትትሉ በደረሰበት ጊዜ ድረስ ካንሰሩ ከሌሎቹ ይልቅ አልተመለሰባቸውም። ክትትሉ ገና ረጅም አይደለም። ከማርገዛቸው በፊትም መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ወራት ጠብቀዋል፤ ከወለዱ በኋላም ወደ ኪኒኑ እንዲመለሱ ነው የተመከሩት። ይህ ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ቁጭ ብላ የምትመክርበት ነገር ነው። የማይደረግ ነገር ግን አይደለም።

ፈሳሽ በዛ ማለት ኢንፌክሽን ነው የሚለው ቀላል ነው፤ ፈጥነን እንለፈው። ታሞክሲፈን ራሱ ነጭ ወይም ውሃ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ያበዛል። ይህ ፀረ ባክቴሪያ አይፈልግም። የሚሸት፣ የሚያሳክክ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነ፣ እንደ እርጎ የተቋጠረ ከሆነ ይታይ። በሎሚ፣ በጨው ውሃ፣ በዴቶል ውስጥን መታጠብ ግን ይቅር። የሌለውን ኢንፌክሽን የሚያመጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ድርቀት እንምጣ። እዚህ ጋ ሰው ስለሚያፍር ልዘርዝረው። ድርቀት ይበልጥ የሚታየው እንደ ሌትሮዞልና አናስትሮዞል ያሉትን የሚወስዱት ላይ ነው፤ እነሱ ኢስትሮጅን እንዳይመረት ስለሚያደርጉ። ታሞክሲፈን የሚወስዱትም ላይ ይመጣል። ቆዳው ይሳሳል፣ ያቃጥላል፣ ግንኙነት ምላጭ ይሆናል። አንዳንዷን ሽንት ሲመጣባት ያቃጥላታል። ከዚያ ሰበብ መፍጠር ይመጣል። ልጁ አልተኛም፣ ራሴን አሞኛል፣ ነገ። ባልየው ደግሞ ጡቷ ስለተቆረጠ ራሷን ጠልታ ነው ብሎ ያስባል፤ ወይም እኔን ጠልታ ነው ብሎ። ሁለቱም ተሳስተው ሁለቱም ዝም ይላሉ። የአንድ ቱቦ ጄል ጉዳይ ትዳር ሲያናጋ አይቻለሁ።

ጸሐፊው መፍትሔው ወይባ ጢስ ነው ይላሉ። ወይባን አልንቅም። የአራስ ቤት ወግ ነው፣ የሙሽራ ወግ ነው፤ ገላ ያለሰልሳል፣ መዓዛውም ደስ ይላል። ግን የሳሳ፣ የቆሰለ ቆዳ ላይ ሙቀትና ጭስ ሲጨመርበት ይብሳል እንጂ አይለሰልስም። በዚያ ላይ የሆርሞን ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ድንገት የሚቀጣጠል ሙቀት አላቸው፤ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ። በብርድ ልብስ ተሸፍኖ እሳት ላይ መቀመጥ ለእነሱ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? ለሆርሞኑ መጉደል ጭሱ የሚያደርገው ነገር የለም። ደስ ብሏት ገላዋን ልትሞቅ የምትፈልግ ከሆነች እሷ ታውቃለች። የታመመው ቦታ ላይ ግን አይሁን።

የሚሠራው ይህ ነው። አንደኛ፣ ለግንኙነት ጊዜ ውሃነት ያለው ማለስለሻ ጄል። ፋርማሲ ገብታችሁ «ጄል» በሉ፣ እናውቃለን፤ አንስቅም። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊንና የምግብ ዘይት አትቀቡበት፤ ላስቲኩን ያሳሳዋል። ሌላው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ግንኙነት ኖረም አልኖረም የሚቀባ እርጥበት ሰጪ አለ። ጅማ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ርካሽ አይደለም። ሽታ ያለውን ሳሙና ተዉት፣ ውሃ ይበቃል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ካለ በጣም አነስተኛ መጠን ያለው፣ ብልት ውስጥ የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም የሚታሰብበት ጊዜ አለ። እሱን ግን የካንሰር ሐኪሟ ሳያውቅ ማንም አይስጣት፣ እኔም ብሆን። በተለይ ሌትሮዞል ለምትወስደው ሴት ጥንቃቄው ይበልጣል።

ስለ ሙቀቱ ካነሳሁ አንድ ነገር ላክል፤ ጽሑፉ ላይ የለም። ለዚህ ሙቀት የሚረዱ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች አሉ፤ ቬንላፋክሲን አንዱ ነው። ሁሉም አንድ አይደሉም። ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው መልኩ ይቀይረዋል፤ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ይህንን ለውጥ ያግዱታል። ፍሉኦክሴቲን ደግሞ በየፋርማሲው ያለ መድኃኒት ነው። ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ፣ ለምንም ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝላት ታሞክሲፈን እወስዳለሁ ትበል። እኛ ባለ ፋርማሲዎችም ሳንጠይቅ አንስጥ።

አልትራሳውንድ በየሦስት ወሩ። ይህን የጻፉት ለጥንቃቄ ብለው ነው፤ ይገባኛል። ግን ታሞክሲፈን የማሕፀን ሽፋን በአልትራሳውንድ ሲታይ ወፍራምና ጉድጓድ ጉድጓድ እንዲመስል ያደርጋል፤ ሽፋኑ ራሱ ሳይወፍርም እንኳ። ምንም ምልክት የሌላት ሴት ትነሳለች፣ «ወፍሯል» ትባላለች፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ታጣለች፣ ውጤቱ ምንም የለም ይላል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና። ለዚህ ነው የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2014 ባወጣው መመሪያ ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ቋሚ አልትራሳውንድ የማይመክረው። ላላረጠች ሴት ከመደበኛው የማሕፀን ምርመራ ሌላ ተጨማሪ ክትትል አያስፈልግም ይላል። ያረጠች ሴት ኪኒኑን ከመጀመሯ በፊት አንድ ጊዜ ብትታይ ግን ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ፖሊፕ ያላትን ለመለየት ይረዳል። ደም ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ አልትራሳውንድ ብቻ አይበቃም፤ ናሙና መወሰድ አለበት። ከሊሙ ወይም ከሸቤ በየሦስት ወሩ ለምንም ተሳፍራ የምትመጣ ሴት ደም ባየች ቀን ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ጨርሳ ትገኛለች።

ወደ ሌትሮዞል ይቀየር የሚለው ያረጠች ሴት ላይ ስሜት ይሰጣል። ለእሷ ሌትሮዞልና ወንድሞቹ ከታሞክሲፈን ትንሽ ይሻላሉ፣ የማሕፀን ካንሰርም አያመጡም። ዋጋው ግን አለ፤ ድርቀቱ ይብሳል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ አጥንት ይሳሳል። ላላረጠች ሴት ግን ብቻውን አይሠራም። እንቁላል ማምረቻዋ ገና በሥራ ላይ ስለሆነ ኪኒኑ ሊያሸንፈው አይችልም። እንዲያውም ሌትሮዞል እንቁላል እንዲወጣ ለመካኖች የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከጎረቤቷ ሰምታ የቀየረች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ካንሰሯን ያለ ሕክምና ትታ፣ የማርገዝ ዕድሏን ጨምራ ትገኛለች። ለወጣት ሴት ሌትሮዞል የሚታዘዘው እንቁላል ማምረቻውን ከሚያስቆም መርፌ ጋር ነው፤ ጎሴሬሊን በየ28 ቀኑ ይወጋል፤ ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለ አቅም ከተነሳ ጽሑፉ ስለዚህ መርፌ ዋጋ አንድ ቃል ቢል ጥሩ ነበር።

በጾም ኪኒኑ ይቋረጥ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ታሞክሲፈን 20 ሚሊ ግራም። ከምግብ ጋር ሆነ ያለ ምግብ ለውጥ የለውም። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ሰዓት ይዋጣል። በዐቢይ ጾምም በማታው ማዕድ። አንድ ቀን ብትረሳው መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አትደንግጥ፤ ግን በማግስቱ ሁለት አትዋጥ። ወር ሙሉ መተው ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሞች ይደብቃሉ የሚለው ቀረ። አይደብቁም። አይናገሩም ግን። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቁስሉን ነክተውታል፣ ምክንያቱን ግን ስተውታል።

ወረፋው ረጅም ነው፣ የሚሰጣት ጊዜ አጭር ነው፣ ይህ የታወቀ ነው። ሌላው ነገር ግን ብዙም አይነሳም። ከገጠር የመጣችው እናት አፋን ኦሮሞ ብቻ ትናገራለች፤ ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የተመደበ ከሆነ አማርኛ ብቻ ይሆናል። መሃል የሚቆመው ማነው? ከተማ የሚያውቀው ልጇ። ወይም የልጇ ባል። ሐኪሙ «ችግር አለ?» ይላል፣ ልጁ ይተረጉማል፣ እሷ የለም ትላለች። ምን ትበል? ከታች ደም አየሁ፣ ግንኙነት ያመኛል ብላ ለወንድ ልጇ ትንገር? ከነገረችውም እሱ አፍሮ «ትንሽ ሆዷን ያማታል» ብሎ ያልፈዋል። ካርዱ ላይ «ደህና ነች» ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልደበቀም፤ ደሙ ግን ካርዱ ላይ የለም።

ለዚህ ሐኪሙን ብቻውን መውቀስ አልችልም። ነርሷ ሴት ከሆነችና ቋንቋውን ከቻለች ወንዶቹን ለሁለት ደቂቃ ውጭ ማቆየት ይቻላል። ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚቸግር ነገር አይደለም። አጃቢውም ወንድ ከሆነ እኅቱን ወይም አክስቱን ይዞ ይምጣ። ወይም አስቀድሞ «እናቴ ለሴት ብቻ የምትነግረው ነገር ካላት» ብሎ ይውጣላት፤ ሳትጠይቀው።

እስከዚያው እኔ መድኃኒት ስሰጥ የማደርገው አለ። ፓኮው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የወር አበባ የቆመበት ዓመት፣ ደም የታየበት ቀን፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየረች፣ የምትጠቀመው መከላከያ። ማንበብ የማትችለዋም ፓኮውን ለሐኪሙ ስትሰጥ አፏን መክፈት አያስፈልጋትም።